የሊኑክስ ሥርጭቶችን ፍጥነት በግራፍ ማነጻጸር፤ ፍትሐዊው ሚዛን የቱ ነው?

ለመሥሪያ ቤታቸው ሰርቨር ወይም ለግል ኮምፒዩተራቸው ሊኑክስን ለመምረጥ የሚያስቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኙት ማስረጃ ግራፍ ነው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ኦፕንሱሴና ሌሎችም እንደ ሯጭ ተደርድረው በየስማቸው ትይዩ ረጅምና አጭር ዓምድ ተሥሎ ይቀርባል። አንባቢው ዓምዶቹን ዓይቶ "ይኼኛው ይበልጣል" ብሎ ይወስናል። ውሳኔው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዓመታት የሚያገለግል ሰርቨር፣ የሠራተኛ ሥልጠና፣ የድጋፍ ውልና በጀት ተከትለውት ይመጣሉ።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ሆኖም ስለ ግራፍ ፍትሐዊነት የሚነሱት ጥያቄዎች በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ማስረጃ ከተማርናቸው ጥያቄዎች ጋር እጅግ ይቀራረባሉ። ምስክሩ ምን ዓየ? የት ቆሞ ዓየ? ማን ጠራው? ያየውን ነው የሚናገረው ወይስ የገመተውን? የፍጥነት ንጽጽር ግራፍም የምስክርነት ቃል ስለሆነ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ንጽጽሩን የሚያዘጋጅ ሰው ሊጠብቃቸው፣ አንባቢውም ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ነጥቦች በቅደም ተከተል ለማቅረብ እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተወዳዳሪዎቹ እነማን ናቸው?

ሊኑክስ በትክክለኛ ትርጉሙ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት ነው። "ሥርጭት" የሚባለው ደግሞ ይህንን ከርነል ከኮምፓይለር፣ ከፋይል ሲስተም፣ ከመገልገያ ፕሮግራሞችና ከተመረጡ መነሻ ቅንብሮች ጋር አንድ ላይ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ጥቅል ነው። ዴቢያን በ1993፣ ፌዶራ በ2003፣ ኡቡንቱ በ2004 ለተጠቃሚ ቀርበዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ መሠረታዊ ነው። ሥርጭቶቹ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ከርነልና አንድ ዓይነት ፕሮግራሞች ነው የሚጠቀሙት። በመካከላቸው የፍጥነት ልዩነት ሲታይ ምንጩ የሥርጭቱ ስም ሳይሆን ከሚከተሉት አንዱ ነው፤ የፕሮግራሞቹ ዕድሜ፣ ፕሮግራሞቹ ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየሩበት መንገድ፣ መነሻ ቅንብሩ፣ ወይም ከበስተጀርባ የሚሠሩት አገልግሎቶች ብዛት።

ስለ ዕድሜ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዴቢያን 12 በጁን 2023 ሲወጣ የያዘው ከርነል 6.1 ነበር። ኡቡንቱ 24.04 በኤፕሪል 2024 ሲወጣ 6.8 ይዞ ነበር። ሁለቱን በአንድ ግራፍ አስቀምጦ "ኡቡንቱ ዴቢያንን በለጠ" ማለት፣ በከፊል 6.8 ከ6.1 ጋር ተወዳደረ ማለት ነው። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ 6.12 ይዞ መጥቷልና ያው ንጽጽር በሌላ ዓመት ሲደረግ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ "ዴቢያን" ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ዓምድ ያልተሟላ ምስክርነት ነው። የሥርጭቱ ቁጥር፣ የከርነሉ ቁጥርና የፈተናው ቀን አብረው መጻፍ አለባቸው።

"እንደመጣ" ወይስ "በእኩል ሁኔታ"?

ስለ መነሻ ቅንብር ጥሩ ትምህርት የሚሰጠን ክሊር ሊኑክስ ነው። ይህ ኢንቴል ከ2015 ጀምሮ ሲያዘጋጀው ቆይቶ በጁላይ 2025 ያቋረጠው ሥርጭት በፍጥነት ንጽጽሮች ላይ በተደጋጋሚ ከፊት ይሰለፍ ነበር። ምክንያቱ ምትሐት አልነበረም። ፕሮግራሞቹ ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች እንዲስማሙ ጠንከር ባለ ማሻሻያ ተዘጋጅተዋል፤ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያም ገና ከመነሻው "ፐርፎርማንስ" በሚባለው፣ ኃይል ከመቆጠብ ይልቅ ፍጥነትን በሚያስቀድመው ቅንብር ላይ ተቀምጧል። ብዙዎቹ ሌሎች ሥርጭቶች ግን የኤሌክትሪክ ፍጆታንና ሙቀትን ከግምት ያስገባ ቅንብር ይዘው ነው የሚመጡት። ይህንን ቅንብር ተጠቃሚው በአንድ ትዕዛዝ ሊቀይረው ይችላል።

እንግዲህ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ነበር ወይስ አልነበረም? መልሱ በተጠየቀው ጥያቄ ይወሰናል። "ተጠቃሚው ጭኖ ምንም ሳይነካ ሲጠቀም የትኛው ይፈጥናል?" ከተባለ እያንዳንዱን እንደመጣ መፈተን ትክክል ነው፤ መነሻ ቅንብርም የአዘጋጆቹ ውሳኔና የሥራቸው አካል ነውና። "በፕሮግራሞቹ አዘገጃጀት የትኛው ይበልጣል?" ከተባለ ግን የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ፋይል ሲስተሙና ሌሎቹ ቅንብሮች አንድ መደረግ አለባቸው። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ተገቢ ያልሆነው የመጀመሪያውን ጥያቄ ፈትኖ የሁለተኛውን መልስ መስጠት ነው። በሕግ ቋንቋ ጭብጡ ሳይያዝ ብይን መስጠት እንለዋለን።

የፋይል ሲስተም ጉዳይም እንደዚሁ ነው። ኡቡንቱ ከ2009 ጀምሮ በመነሻ ቅንብሩ ኢኤክስቲ4 ይጠቀማል። ፌዶራ ለዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ከ2020 ጀምሮ ወደ ቢቲአርኤፍኤስ ተሸጋግሯል። ዲስክ ላይ የሚጽፍ ዳታቤዝ በሁለቱ ላይ ተፈትኖ ልዩነት ቢታይ፣ የታየው በአመዛኙ የሁለት ፋይል ሲስተሞች ልዩነት ሊሆን ይችላል። ቢቲአርኤፍኤስ ደግሞ የመረጃን ትክክለኛነት መቆጣጠርንና የቀድሞ ይዞታን ቅጂ ማስቀረትን የመሰሉ ተጨማሪ ሥራዎች ይሠራል። ግራፉ ዋጋውን ብቻ አሳይቶ የተገዛውን ዕቃ ሊደብቅ አይገባም።

ፈጣኑ የፈጠነው ምን ትቶ ነው?

ይህንን ጥያቄ ለብቻው ያነሳሁት በአንባቢያን ዘንድ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው። ኢኤክስቲ3 የሚባለው የቀድሞው ፋይል ሲስተም መረጃው በእርግጥ ዲስኩ ላይ መድረሱን በቅደም ተከተል የሚያስጠብቀውን "ባሪየር" የተባለ ጥበቃ በዋናው ከርነል መነሻ ቅንብር አጥፍቶ ነበር የሚሠራው። የተለወጠው በ2011 በወጣው ከርነል 3.1 ነው። ተተኪው ኢኤክስቲ4 ግን ጥበቃውን ከመነሻው አብርቶ መጣ። ዲስክ ላይ ደጋግሞ በሚጽፍ ፈተና ጥበቃውን ያጠፋው ሥርዓት ፈጣን ሆኖ መታየቱ አያስገርምም። መብራት ድንገት ሲቋረጥ መረጃው ሊበላሽ የሚችለውም የዚያው የፈጣኑ ነው። መብራት ሄዶ መጣ ማለት የዕለት ገጠመኝ በሆነበት ከተማ ለሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ይህ ጥቃቅን ቴክኒካዊ ጉዳይ አይደለም።

በጃንዋሪ 2018 ይፋ የሆኑት ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ደኅንነት ክፍተቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ አስነስተዋል። መከላከያዎቹ እንደ ሥራው ዓይነትና እንደ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ከ2019ኙ ከርነል 5.2 ጀምሮ ደግሞ አብዛኞቹን በአንድ ቃል ማጥፋት ይቻላል። አንዱ ሥርጭት መከላከያውን አብርቶ፣ ሌላው አጥፍቶ ወይም ገና ሳይቀበለው ተፈትኖ በአንድ ግራፍ ቢሰለፉ፣ አንዱ ቤቱን ቆልፎ ሌላው በሩን ወለል አድርጎ ማን ቀድሞ ከቤት ወጣ እንደማለት ነው።

የ1999ኙ የማይንድክራፍት ጉዳይ

በዚህ መስክ እንደ ቀደምት ፍርድ ሊጠቀስ የሚገባው ጉዳይ በኤፕሪል 1999 ማይንድክራፍት የተባለው የፈተና ድርጅት ያወጣው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 በፋይል ሰርቨርነት ከሊኑክስ 2.5 ጊዜ፣ በድረ ገጽ ሰርቨርነት ደግሞ 3.7 ጊዜ እንደሚፈጥን ገለጸ። ወዲያው ተቃውሞ ተነሳ። ጥናቱ የተደረገው በማይክሮሶፍት ክፍያ ነው፤ ዊንዶውሱ በሚገባ ተስተካክሎ ሳለ ሊኑክሱ ተገቢው ማስተካከያ አልተደረገለትም፤ የሊኑክስ ባለሙያዎችም አልተሳተፉም የሚል ነበር። አንደኛው ተከራካሪ ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ማለት ነው።

ጉዳዩን ትምህርት ሰጪ የሚያደርገው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በዚያው ዓመት የሊኑክስ ባለሙያዎች ባሉበት ፈተናው ተደገመ። ልዩነቱ ጠበበ፤ ሆኖም ዊንዶውስ ኤንቲ አሁንም ቀደመ። በብዙ ፕሮሰሰሮችና በብዙ የኔትወርክ ካርዶች ሲሠራ የጊዜው ከርነል እውነተኛ ድክመት እንደነበረበት ታወቀ፤ አዘጋጆቹም በ2001 በወጣው ከርነል 2.4 ላይ ብዙውን አሻሻሉት። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፈተናው ፍትሐዊ ባልሆነ መንገድ መካሄዱ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ተሸናፊው ውጤቱን የሚቀበለውና ድክመቱን የሚያርመው ሚዛኑን ካመነው ነው። አዳልቶ የመዘነ ሰው እውነት ሲናገር እንኳ አይታመንም።

አንድ ጊዜ መሮጥ አይበቃም

ያው ኮምፒዩተር ያንኑ ሥራ አምስት ጊዜ ቢሠራ አምስት የተለያየ ጊዜ ይወስድበታል። ሙቀት፣ ከበስተጀርባ የሚነሳ ማሻሻያ፣ በማስታወሻ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ መረጃ፣ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ያበረክታል። ለማሳያ ብቻ እኔ ያወጣኋቸውን ቁጥሮች ልጥቀስ። ሥርጭት "ሀ" አንድን ሥራ በ58፣ 60፣ 61፣ 60 እና 66 ሰከንድ ጨረሰ፤ አማካዩ 61 ነው። ሥርጭት "ለ" በ59፣ 62፣ 62፣ 63 እና 64 ሰከንድ ጨረሰ፤ አማካዩ 62 ነው። አማካዮቹን ብቻ የሚያሳይ ግራፍ "ሀ" አሸነፈ ይላል። ነገር ግን የ"ሀ" ውጤት ከ58 እስከ 66፣ የ"ለ" ከ59 እስከ 64 የተዘረጋ ስለሆነ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። በዚህ ማስረጃ አሸናፊ ማወጅ አይቻልም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓምድ ጫፍ ላይ ውጤቱ ከስንት እስከ ስንት እንደተለዋወጠ የሚያሳይ ቀጭን መስመር ሊኖር ይገባል፤ ፈተናው ስንት ጊዜ እንደተደገመም ይጻፍ። በ1988 የተመሠረተው ስፔክ የተባለው የመመዘኛ አዘጋጅ ማኅበር በ"ሲፒዩ 2017" ፈተናው ያስቀመጠው ደንብ ጥሩ አርአያ ነው። ፈተናው ሦስት ጊዜ ከተደረገ መካከለኛው ውጤት ይወሰዳል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ከተደረገ የሚወሰደው ዘገምተኛው ነው። ፈታኙ ደስ ያለውን መርጦ እንዳያወጣ በሩ ተዘግቷል።

ዓምዱና ዓይናችን

የዓምድ ግራፍ የስኮትላንዱ ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በሚገባ ጥቅም ላይ የዋለው። የዓምድ ቋንቋ ርዝመት ነው። ዓይን ሁለት እጥፍ የረዘመውን "ሁለት እጥፍ" ብሎ ያነብባል፤ በጎን የተጻፈውን ቁጥር የሚያየው ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሹን አያየውም።

በአንድ ወቅት በአንድ የጨረታ ግምገማ ኮሚቴ ውስጥ በሕግ አማካሪነት ተቀምጬ ነበር። ከተጫራቾች አንዱ ያቀረበው የሰርቨር ንጽጽር ግራፍ ላይ የእሱ ዓምድ ከተፎካካሪው ሦስት እጥፍ ይረዝማል። የኮሚቴው አባላት ሲደነቁ እኔ ቋሚውን መስመር ተመለከትኩ፤ ከ95 ነበር የሚጀምረው። ቁጥሮቹም 98 እና 96 ነበሩ። በሰነዱ ውስጥ አንድም ሐሰት ቁጥር አልነበረም። ሆኖም በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በሐሰት አምኖ ነበር። አጫራቹ የልዩነቱን መጠን በቁጥር እንዲጻፍለት ጠይቆ ግምገማው በዚያ ተስተካከለ።

ኤድዋርድ ተፍቲ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን ማዛባት የሚለካ ቀላል ስሌት አቅርበዋል፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ልዩነት በመረጃው ውስጥ ላለው ልዩነት ማካፈል ነው። አንዱ ሥርጭት 100 ሰከንድ፣ ሌላው 104 ሰከንድ ፈጅቶ መስመሩ ከ98 ቢጀምር፣ ዓምዶቹ 2 እና 6 ይሆናሉ። ሥዕሉ የ200 በመቶ ልዩነት ያሳያል፤ እውነቱ 4 በመቶ ነው። ማጋነኑ 50 እጥፍ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የዓምድ ግራፍ ከዜሮ ይጀምር። ልዩነቱ ጥቂት በመሆኑ ከዜሮ ሲጀመር አይታይም የሚል ክርክር ከቀረበ፣ መልሱ "እንግዲያው ልዩነቱ ጥቂት ነው" የሚል ነው። ጥቂቱን ልዩነት ማሳየት የግድ ካስፈለገ በዓምድ ፋንታ በነጥብ ማሳየት ይቻላል፤ ነጥብ የሚነበበው በርዝመቱ ሳይሆን በቦታው ነውና።

ሌሎቹን ነጥቦች ባጭሩ ላስቀምጥ፦

- አንዳንዱ ፈተና በሰከንድ ይለካል፤ ያነሰ ይሻላል። ሌላው በሰከንድ በተሠራ ሥራ ብዛት ይለካል፤ የበዛ ይሻላል። "ያነሰ ይሻላል" ወይም "የበዛ ይሻላል" የሚለው በእያንዳንዱ ግራፍ ላይ በግልጽ ይጻፍ።
- ጎን ለጎን የሚቀመጡ ግራፎች አንድ ዓይነት መለኪያና ልኬት ይኑራቸው።
- ሥርጭቶችን በመስመር አያይዞ መሣል ስሕተት ነው። ከኡቡንቱ ወደ ፌዶራ የሚወስድ መንገድ የለም፤ መስመር የጊዜን ለውጥ ለማሳየት ይሁን።
- ጥላና ውፍረት ያለው ዓምድ ርዝመትን ያደናግራል፤ ይቅር።
- አንድ ሥርጭት በሁሉም ግራፍ አንድ ቀለም ይያዝ። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ የሚባዛ ስለሆነ ስሙና ቁጥሩ ከዓምዱ አጠገብ ይጻፉ።

ሁሉን በአንድ ቁጥር ማጠቃለል

አሥር ፈተና ተደርጎ አሥር ግራፍ ሲወጣ፣ አንባቢ "በድምሩስ ማን በለጠ?" ማለቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ሳይታወቅ ትልቅ በደል የሚፈጸመው። ሁለት ፈተና ብቻ እንውሰድ። በመጀመሪያው "ሀ" 10 ሰከንድ፣ "ለ" 20 ሰከንድ ፈጁ። በሁለተኛው ተገላቢጦሽ፣ "ሀ" 20፣ "ለ" 10 ፈጁ። "ሀ"ን መነሻ ብናደርግ የ"ለ" ጊዜ በመጀመሪያው 2 እጥፍ፣ በሁለተኛው ግማሽ ይሆናል፤ የ2 እና የ0.5 ተራ አማካይ 1.25 ነው። ስለዚህ "ለ" በ25 በመቶ ይዘገያል። አሁን "ለ"ን መነሻ እናድርግ። ያው ስሌት "ሀ" በ25 በመቶ ይዘገያል ይለናል! አንድ ማስረጃ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። ልዩነቱ መነሻ የተደረገው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

ፍሌሚንግና ዋላስ የተባሉት ተመራማሪዎች በ1986 ባወጡት ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ የንጽጽር ቁጥር ጂኦሜትሪክ አማካይ እንዲወሰድ አሳስበዋል። ቁጥሮቹን አባዝቶ ሥራቸውን መውሰድ ነው፤ 2 ሲባዛ በ0.5 አንድ ይሆናል፤ የአንድ ሥርም አንድ ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ መነሻ ማንም ቢሆን መልሱ አይለወጥም። ስፔክም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ይሁንና ጂኦሜትሪክ አማካይ የእርስዎን ሥራ አያውቅም። "ሀ" በዳታቤዝ ሥራ፣ "ለ" በምስል ማቀናበር የሚበልጡ ከሆነ፣ ባንክ ለሚሠራና ፎቶ ቤት ለከፈተ ሰው "እኩል ናቸው" የሚለው መልስ አይጠቅምም። ማጠቃለያው ከዝርዝሩ ጋር እንጂ በዝርዝሩ ፋንታ ሊቀርብ አይገባም። የፈተናዎቹ ዝርዝርም ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ይወሰን፤ አሥር ፈትኖ ደስ ያሉትን አራቱን ማተም ምስክር መርጦ እንደማሰማት ነው።

የመመዘን መብትና ግዴታ

ሕግ ነክ የሆነ አንድ ነጥብ ልጨምር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዴዊት ዳታቤዞችን አነጻጽረው ባወጡት ጥናት የኦራክል ውጤት ደካማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኦራክልና ሌሎችም ኩባንያዎች "ያለ እኛ ፈቃድ የፍጥነት ፈተና ውጤት ማውጣት ክልክል ነው" የሚል አንቀጽ በፈቃድ ውላቸው አስገቡ፤ አንቀጹ እስከዛሬ በዴዊት ስም ይጠራል። በ2003 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ኔትወርክ አሶሲየትስ በተባለው ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ ተመሳሳይ ክልከላን አግዷል።

ሊኑክስ ከርነል የሚሠራጭበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም። ማንም ሰው ሥርጭቶቹን ያለ ክፍያ አውርዶ፣ ፈትኖ፣ ውጤቱን ሊያትም ይችላል። በ2004 የተቋቋመው ፎሮኒክስም በ2008 ባወጣው የፈተና ስብስብ የፈተናውን መሣሪያ ራሱን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ስለዚህ ለአንባቢ ያለው ዋስትና የፈታኙ መልካም ስም ሳይሆን ሌላ ሰው ፈተናውን ደግሞ ማረጋገጥ መቻሉ ነው። ይህ ደግሞ የሚሆነው በግራፉ ሥር የማሽኑ ዓይነት፣ የማስታወሻውና የዲስኩ መጠን፣ የሥርጭቱ፣ የከርነሉና የኮምፓይለሩ ቁጥር፣ ፋይል ሲስተሙ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ የደኅንነት መከላከያዎቹ ሁኔታ፣ የድግግሞሹ ብዛት፣ ቀኑና ወጪውን የሸፈነው ወገን ሲጻፉ ነው።

የሚቀርብልን ግራፍ እነዚህን ካልያዘ ውሸት ነው ብለን መጣል የለብንም፤ ያልተረጋገጠ ቃል ብለን ግን ማስቀመጥ እንችላለን። የማስረዳት ሸክሙ ያለው ግራፉን ባቀረበው ላይ ነው። ሁሉን ቢያሟላም እንኳ የተፈተነው ማሽን 64 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው አዲስ ሰርቨር ሆኖ የእኛ መሥሪያ ቤት ያለው 4 ጊጋባይት ያላቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ከሆኑ፣ የመጨረሻውን ፈተና በራሳችን ማሽን ላይ፣ በራሳችን ሥራ ማካሄድ ይኖርብናል። ሥርጭቶቹ በነፃ የሚገኙ በመሆናቸው ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ትርፍ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሰዓት ቆጣሪና ሁለት ቀን የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ግዢው ከመፈረሙ በፊት ይህንን የሚጠይቅ አንድ የኮሚቴ አባል ካለ ለመሥሪያ ቤቱ ይበቃል።